«ኖርማል ከሆነ…» የምትለው ሐረግ ስንት ታስከፍላለች?

በመሳቢያዬ ውስጥ አራት ገጽ ደረሰኝ አለ። የታናሽ እህቴ የወሊድ ደረሰኝ ነው፤ አምና አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ የግል ሆስፒታል የተሰጠን። የሆስፒታሉን ስም አልጠቅስም። አንድን ተቋም ለማሳጣት አይደለም የምጽፈው። ሌላ ጋ ብንሄድም ታሪኩ ብዙ እንደማይለይ ከዚያ በኋላ ደዋውዬ አይቻለሁ።

እህቴና ባሏ ሳይዘጋጁ የሄዱ እንዳይመስላችሁ። የእቁባቸው ዕጣ ከመውለጃዋ ወር ጋር እንዲገጥም ሰብሳቢውን ለምነው ተራ ቀይረዋል። ሰባተኛ ወሯ ላይ ሆስፒታሉ ሄደው ዋጋ ጠየቁ። እንግዳ መቀበያ ላይ ያለችው ልጅ በትሕትና «ኖርማል ከሆነ ሠላሳ ሺህ ነው» አለቻቸው። እነሱም መጠባበቂያ ጨምረው አርባ አምስት ሺህ ብር አስቀመጡ። የገንፎው እህል፣ የልጁ ልብስ፣ አራሷን የምታግዘው ሴት ደመወዝ፣ ሁሉም በዚያች ሠላሳ ሺህ ላይ ተደግፎ ታቀደ።

ምጡ ቅዳሜ ማታ መጣ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሐኪሙ ወጥቶ የልጁ የልብ ምት እየወረደ ስለሆነ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል አለ። የእህቴ ባል ፈረመ። ማን አይፈርም? ከፊርማው ጋር ተጨማሪ ማስያዣ ተጠየቀ፤ ከስልኩ ላይ አስተላለፈ። ልጁ ተወለደ፤ ግን ትንፋሽ ስላስቸገረው ሦስት ሌሊት በጨቅላ ሕፃናት ክፍል አደረ። ዛሬ እናትም ልጅም ደህና ናቸው፤ ተመስገን።

የመጨረሻው ሒሳብ 118 ሺህ ብር ሆኖ መጣ። ከተነገራቸው አራት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። እናታችን ወርቋን አወጣች። ዋሽንግተን ያለችው አክስታችን ጠዋት በእሷ ሌሊት ተቀስቅሳ ላከች። ገንዘቡ እስኪሟላ እህቴ አንድ ሌሊት ተጨማሪ አደረች። የዚያች ሌሊት የአልጋ ሒሳብም ደረሰኙ ላይ አለ፤ አራተኛው ገጽ፣ ከታች ሦስተኛው መስመር።

ኦፕራሲዮኑ አላስፈላጊ ነበር እያልኩ አይደለም። የልብ ምቱ ሲወርድ እህቴ ራሷ ማሽኑ ላይ ሰምታዋለች። ሐኪሙ ፈጥኖ ባይወስን ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ሌላ ጽሑፍ ይሆን ነበር። ስለ ሕክምናው ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ ከሦስት ወር በፊት እንግዳ መቀበያው ላይ ስለተነገረችው አንዲት ሐረግ ነው፤ «ኖርማል ከሆነ»። ካልሆነስ? ማንም አልነገራቸውም፣ እነሱም አልጠየቁም። በእኛ አገር ነፍሰ ጡር አጠገብ ክፉ ነገር አይነሳም። «ማርያም ትቅረብሽ» ይባላል እንጂ «ኦፕራሲዮን ብትሆኚ ስንት ነው?» አይባልም። ሆስፒታሎቹ ይህን ዝምታችንን ያውቁታል፣ ይሠሩበታልም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ አላስተኛኝ ብሎ ስልክ ያዝኩ። ሚስቱ የደረሰችበት ባል መስዬ ወደ በርካታ የግል ሆስፒታሎችና የእናቶች ክሊኒኮች ደወልኩ። የሰማሁትን ልንገራችሁ።

አንደኛው ጋ ዋጋው አልጋን ለ24 ሰዓት፣ አዋላጅንና ማዋለጃ ክፍልን ይጨምራል፤ መድኃኒት፣ ጓንት፣ ግሉኮስና ላብራቶሪ ለብቻ ነው። ሁለተኛው ጋ «ፓኬጅ» ነው፣ ሁሉንም ያካትታል፤ ግን ክትትሏን እዚያው ላደረገች ብቻ ነው፣ ከውጪ ለምትመጣ ዋጋው ይለወጣል። ሦስተኛው ጋ ዋጋው የሚወሰነው በአልጋው ነው፤ ሦስት ሆነው የሚተኙበት፣ ለብቻ፣ ቪአይፒ። እዚህ ጋ አንድ ጥያቄ ጨመርኩ፤ «የሐኪሙ ክፍያስ በሁሉም አንድ ነው?» አልኩ። አይደለም። ያው ሐኪም፣ ያው እጅ፣ ያው ኦፕራሲዮን፤ እናቲቱ የምትተኛው ቪአይፒ ከሆነ የሐኪሙም ክፍያ አብሮ ያድጋል። አራተኛው «በስልክ ዋጋ አንናገርም፣ መምጣት አለብዎት» አለኝ። አምስተኛው ጋ ዋጋው ከሁሉም ረከሰ፤ ደስ አለኝ። «ልጁ ትንፋሽ ቢያጥረውስ?» ስል «ሪፈር እንጽፋለን» አሉኝ።

ሳልጠይቅ የኦፕራሲዮን ዋጋ የነገረኝ አንድም የለም። የጨቅላ ሕፃናት ክፍል በሌሊት ስንት እንደሆነ ስጠይቅ ቁጥር የሰጠኝ አንድ ብቻ ነው። ሌሎቹ «እንደ ሁኔታው» አሉ።

ስልኩን ዘግቼ ወረቀቴን ሳይ የገባኝ ነገር የትኛው ርካሽ፣ የትኛው ውድ እንደሆነ ማወቅ አለመቻሌ ነው። ቁጥሮቹ አሉ። ግን አንዱ ቁጥር አልጋ ብቻ ነው፣ ሌላው አልጋና መድኃኒት፣ ሌላው አልጋና ሐኪም። ጤፍ ስትገዙ ማኛው ከሰርገኛው ይወደዳል፣ ሰፈር ከሰፈር ይለያያል፤ ቢያንስ ግን ኩንታል ሲባል መቶ ኪሎ መሆኑ አያከራክርም። በወሊድ ገበያ ኩንታሉ ራሱ እንደየሱቁ ነው። አንዱ ጋ ስድሳ ኪሎ፣ አንዱ ጋ መቶ፣ አንዱ ጋ ጆንያው ለብቻ ይሸጣል።

አሁን ለሆስፒታሎቹም ልፍረድ፤ ምክንያቱም የዋጋው ልዩነት ሁሉ ስግብግብነት ነው ብሎ መደምደም ቀላልም ስህተትም ነው።

የማዋለጃ ክፍል ሰው ባይመጣም የሚበላ ክፍል ነው። ምጥ ቀጠሮ ስለማይይዝ አዋላጅ፣ ኦፕራሲዮን የሚሠራ ሐኪም፣ ሰመመን ሰጪ፣ የሕፃናት ሐኪም፣ ኦክስጅንና ጄኔሬተር ሌሊቱን ሙሉ ዝግጁ መሆን አለባቸው። በሌሊት አምስት እናት የምታዋልድ ተቋም ይህን ወጪ ለአምስት ታካፍለዋለች። በሳምንት ሁለት እናት የምታዋልደው ግን ለሁለት ነው። ለዚህም ነው አንዳንዴ ትንሽዋና ጭር ያለችው ክሊኒክ ከትልቁ ሆስፒታል እኩል የምትጠይቀው። ደግሞም በተቃራኒው፣ ዋጋዋ በጣም የረከሰችው ክሊኒክ የረከሰችው ይህን ዝግጅት ስለማትሸከም ሊሆን ይችላል። ኖርማል ሆኖ ካለቀ አተረፋችሁ። ካላለቀ ሌሊት አምቡላንስ ፍለጋ፣ ሌላ ቦታ ካርድ ማውጣት፣ ሌላ ማስያዣ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚባክነው ደቂቃ አለ። አምስተኛው ክሊኒክ «ሪፈር እንጽፋለን» ያለኝ ይህን ነው። በርካሽ ዋጋ የተሸጠልን ነገር ግማሽ ወሊድ ነበር።

ከዚያ ዶላር አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ። የስፌት ክሩ፣ የወገብ ሰመመኑ መድኃኒት፣ ጓንቱ፣ የሾተላይ መርፌው፣ የማሽኑ መለዋወጫ በአብዛኛው ከውጭ ነው የሚመጣው። ቀድሞ ባስገባው ዕቃ የሚሠራና ትናንት በአዲሱ ምንዛሪ የገዛ ሁለት ሆስፒታል እኩል ዋጋ ሊያወጡ አይችሉም። የቤት ኪራዩንም ጨምሩበት። ቦሌ ላይ አራት ፎቅ የተከራየና በራሱ ግቢ የሚሠራ አንድ አይደሉም። በነገራችን ላይ ከእነዚህ አንዱም ስለ ሕክምናው ጥራት አይነግራችሁም። ውድ የሆነው እብነ በረዱ ይሁን የሰመመን ሐኪሙ፣ ከውጪ ቆማችሁ አትለዩትም።

የሐኪሙ ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። ብዙዎቹ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ቀን መንግሥት ሆስፒታል ይሠራሉ፣ ማታ የግል። በግሉ ዘርፍ ክፍያቸው ብዙ ጊዜ በሠሩት ልክ፣ በፐርሰንት ወይም በአንድ ኦፕራሲዮን ይህን ያህል ተብሎ ነው። «ክትትል ያደረገልኝ ሐኪም ራሱ ያዋልደኝ» ካላችሁ ብዙ ቦታ ተጨማሪ አለው። አይከፋም፤ እንቅልፉን ትቶ ለሚመጣ ሰው መክፈል ያለ ነው። ግን ይህም ከእንግዳ መቀበያው ዋጋ ውስጥ የለም።

እዚህ ጋ ሐኪም ወዳጆቼ የማይወዱትን ነገር ላንሳ። ኖርማል ምጥ አሥር፣ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ለመጀመሪያ ልጅ ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል። አዋላጇ አጠገብ ትቀመጣለች፣ ሐኪሙ ይመላለሳል፣ አልጋው ይያዛል። ኦፕራሲዮን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በቀጠሮ፣ በቀን፣ በሥራ ሰዓት ማድረግም ይቻላል። ብዙ ድካም ያለው ሥራ ትንሽ ይከፈለዋል፤ አጭሩ ሥራ ብዙ። እኔ ማንንም ሐኪም ለገንዘብ ሲል ሆድ ይቀዳል ብዬ አልከስም። ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን የተዘነበለ ሱቅ ውስጥ ግን ባለሱቁ ሐቀኛ ቢሆንም ሚዛኑ ያዘነብላል።

የ2016 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ላይ ያለውን ቁጥር ተመልከቱ። በአገር ደረጃ በኦፕራሲዮን የተወለዱት ከመቶ 2 ናቸው፤ በአዲስ አበባ ከመቶ 21። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መግለጫ በሕዝብ ደረጃ ምጣኔው ከመቶ 10 ካለፈ በኋላ ተጨማሪው ኦፕራሲዮን ከእናቶችና ከጨቅላ ሕፃናት ሞት መቀነስ ጋር እንደማይያያዝ ገልጿል። ከመቶ 2 ማለት ገጠር ውስጥ ኦፕራሲዮን ማግኘት የነበረባት እናት ሳታገኝ ትሞታለች ማለት ነው። ከመቶ 21 ማለት ደግሞ ከተማ ውስጥ ያለ እሱ መውለድ የምትችል እናት ሳትቆረጥ አልቀረችም ማለት ነው። ትልልቅ ሆስፒታሎች እዚህ መከማቸታቸው የከተማውን ቁጥር ከፍ እንደሚያደርገው አውቃለሁ። እንዲያም ሆኖ ልዩነቱን በሙሉ በዚያ ማስረዳት የሚችል ካለ ልሰማው ዝግጁ ነኝ።

«ታዲያ መንግሥት ሆስፒታል ለምን አልወለደችም? ነፃ አይደል?» የሚል እንዳለ አውቃለሁ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

አዎ፣ ነፃ ነው። የነፍሰ ጡር ክትትል፣ ወሊድና የድህረ ወሊድ አገልግሎት በመንግሥት ጤና ተቋማት ከክፍያ ነፃ ከሆኑት አገልግሎቶች ውስጥ ናቸው፤ ኦፕራሲዮንም ጭምር። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በ2005 እ.ኤ.አ. በጤና ተቋም የምትወልደው እናት ከመቶ 5 ብቻ ነበረች። በ2011 ወደ 10፣ በ2016 ወደ 26፣ በ2019 ወደ 48 አደገች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ አምቡላንሱ፣ በየጤና ጣቢያው የተሠራው የእናቶች ማቆያና ይህ ነፃነት ተደምረው ያመጡት ለውጥ ነው። «መንግሥት ምን ሠራ?» ለሚል ሰው መጀመሪያ ከማሳየው ነገር አንዱ ይህ ነው።

ነገር ግን ጋንዲም፣ ጳውሎስም፣ ዘውዲቱም የወለደች ዘመድ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ነፃ ማለት ባዶ እጅ መሄድ ማለት አይደለም። ጓንት የለም ሲባል ከውጪ ትገዛላችሁ፤ መርፌው የለም፣ ከውጪ፤ ላብራቶሪው ተበላሽቷል፣ ከውጪ። ታክሲው፣ የአስታማሚው ምግብ፣ ሌሊት በር ላይ የምትቀመጠው እናት። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ሠራተኛው ሰርቆት ነው ይላል። ሌብነት የለም አልልም፤ ዋናው ነገር ግን ሌላ ይመስለኛል። መንግሥት «ወሊድ ነፃ ነው» ሲል ለእያንዳንዷ ወላድ የወጣውን ጓንትና መድኃኒት ቆጥሮ ለሆስፒታሉ አይመልስለትም። ሆስፒታሉ ከበጀቱና ከሌላ በሽተኛ ከሚሰበስበው ገቢ ሸፍኖ ይኖራል። ብዙ እናት ባዋለደ ቁጥር መጋዘኑ ቶሎ ይራቆታል። ነፃ አገልግሎት ብዙ የሰጠ ተቋም ተቀጪ ነው እንደማለት ነው። ከዚያ አልጋ ይሞላል፤ አልጋ ሲሞላ ደግሞ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ምጥ የያዛት ሴት ይዞ ከበር ወደ በር የሚዞር ባል ይፈጠራል። የግል ሆስፒታል በር ላይ የሚደርሰው ይህ ባል ዋጋ አያወዳድርም። የተባለውን ይከፍላል።

መድን ያድናል እንዳትሉ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በዋናነት የሚሠራው ከመንግሥት ተቋማት ጋር ነው። ለደመወዝተኛው የታሰበው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ወጥቶ ትግበራው ስንት ጊዜ እንደተገፋ አንባቢ ያውቃል። አሠሪው የግል መድን የገዛለት ጥቂት ሰው ነው፤ ለእሱም ቢሆን የወሊድ ጣሪያ አለው። ለቀረው መድኑ እቁብ፣ ወርቅና ውጭ አገር ያለ ዘመድ ነው።

ስለ ውጭ አገር ካነሳሁ አይቀር፣ ገንዘቡን የላከችው አክስቴ «እዚህም እኮ ያው ነው» አለችኝ። አሜሪካ ውስጥ ኬ ኤፍ ኤፍ የተባለው የጤና ፖሊሲ ተቋም በ2022 ባወጣው ስሌት በትልልቅ አሠሪዎች መድን ውስጥ ላለች እናት ከእርግዝና እስከ ድህረ ወሊድ ያለው አማካይ ወጪ 18,865 ዶላር ነው፤ ከዚህ 2,854ቱ ከራሷ ኪስ። ሆስፒታሎች ዋጋቸውን በይፋ እንዲያወጡ ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ ታዘዋል። አወጡም፤ ግን ብዙዎቹ ያወጡት ተራ ሰው ከፍቶ የማይጨርሰው የኮምፒውተር ፋይል ነው። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ ተቃራኒውን ነው የሚነግሯችሁ። ቢቱዋህ ሌኡሚ የሚሉት የብሔራዊ መድን ተቋም በተወሰነ ተመን ለሆስፒታሉ በቀጥታ ይከፍላል፤ እናቲቱ ለወሊዱ ደረሰኝ አይደርሳትም። ሆስፒታሎቹ እናቶችን ለመሳብ የሚወዳደሩት ክፍሉንና አገልግሎቱን በማሳመር ነው። እኛ የእስራኤል ገንዘብ የለንም። ከአሜሪካው ግን አንድ ነገር መማር እንችላለን፤ ዋጋ ማውጣት ብቻውን በቂ አይደለም፣ የሚነበብ መሆን አለበት።

ስለዚህ የምጠይቀው ነገር ትንሽ ነው። የዋጋ ጣሪያ ይቀመጥ አልልም። ጣሪያ ስናስቀምጥ ምን እንደሚሆን በዘይትም በስኳርም አይተናል፤ ዕቃው ከመደርደሪያ ይጠፋል ወይም በጓሮ በር ይሸጣል። የምጠይቀው አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ክትትል የምታደርግ እናት ሰባተኛ ወሯ ሳያልቅ፣ ምጥ ሳይዛት፣ ቁጭ ብላ ማንበብ በምትችልበት ቀን የምትቀበለው፣ የተቋሙ ማኅተም ያለበት ወረቀት። ኖርማል ስንት፣ ኦፕራሲዮን ስንት፣ በምጥ መሃል ወደ ኦፕራሲዮን ቢቀየር ስንት፣ ሕፃኑ ልዩ ክፍል ቢገባ በሌሊት ስንት። ከዚህ ውስጥ ምን እንደሌለበትም ይጻፍ። ጤና ሚኒስቴር ደግሞ «የወሊድ ፓኬጅ» ሲባል ቢያንስ ምን ምን እንደሚይዝ አንድ ጊዜ ይወስን፤ ኩንታሉ መቶ ኪሎ ይሁን። ከዚያ በኋላ ፈላጊው ማኛ ይሽጥ፣ ፈላጊው ሰርገኛ።

ይህ አዲስ ሕግ እንኳ አይፈልግም ባይ ነኝ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የሚሸጠውን ዕቃም ሆነ የሚሰጠውን አገልግሎት ዋጋ በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ ያዛል። ፀጉር ቤቱ ግድግዳ ላይ የዋጋ ዝርዝር አለ። ምግብ ቤቱ ሜኑ አለው። ጋራዡ እንኳ መኪናችሁን ፈቶ ሳይነካ በፊት ፕሮፎርማ ይሰጣችኋል። ለጤና ተቋማት ፈቃድ የሚያድሰው መሥሪያ ቤት ሲመጣ የክፍሉን ስፋት በሜትር ይለካል፣ የመታጠቢያ ገንዳ ይቆጥራል። «ለእናቶች የምትሰጡት የዋጋ ወረቀት የታለ?» የሚል አንድ መስመር የመመርመሪያ ቅጹ ላይ መጨመር ይከብዳል?

ለአንድ ሐኪም ጓደኛዬ ይህን ስነግረው ሳቀ። «ምጥ ሜኑ የለውም» አለኝ። «እናት ስትገባ ምን እንደሚገጥማት እግዜር ነው የሚያውቀው። እንዴት አድርጌ ዋጋ ልጽፍላት?»

ስለ አንዲት እናት ከሆነ እውነቱን ነው። ስለ መቶ እናቶች ግን አይደለም። አንድ ሆስፒታል ባለፈው ዓመት ስንት እናት እንዳዋለደ፣ ስንቷ በኦፕራሲዮን እንደወለደች፣ ስንት ሕፃን ልዩ ክፍል እንደገባ፣ እያንዳንዱ በአማካይ ስንት እንደከፈለ መዝገቡ ላይ አለው። ሠላሳ ሺህ የሚለውን ዋጋ ያወጣው ራሱ ያንን አውቆ ነው። እንግዳ መቀበያው ፊት ለፊት ከተቀመጡት ሰዎች መካከል ይህን የማያውቀው ቤተሰቡ ብቻ ነው። ጓደኛዬ የሚለው እርግጠኛ አለመሆን እውነት ነው፤ ሸክሙ በሙሉ ግን ያለው በትንሹ በሚያውቀውና ትንሽ ገንዘብ ባለው ትከሻ ላይ ነው።

እንዲያውም አንድ እርምጃ መሄድ የሚፈልግ የግል ሆስፒታል ካለ ሐሳብ ልስጥ። ኖርማልም ሆነ ኦፕራሲዮን አንድ ዋጋ ያውጣ፤ ከኖርማሉ ትንሽ ከፍ ያለ፣ ከኦፕራሲዮኑ በጣም ዝቅ ያለ፣ አማካዩ ላይ የተቀመጠ። እናት ስትገባ የምትከፍለውን ታውቃለች። ሐኪሙም ሲወስን ሚዛኑ ወደ የትም አያዘነብልም። ቅዠት እንዳይመስላችሁ፤ በአሜሪካ የሚኖሶታ ግዛት ለዝቅተኛ ገቢ ባለው የመንግሥት መድኗ በ2009 ውስብስብ ላልሆኑ ወሊዶች እንዲህ ያለ አንድ ወጥ ክፍያ ጀምራ ነበር። ጉዳዩን ያጠኑ ተመራማሪዎች የኦፕራሲዮን ምጣኔው ከመቶ በ3 ነጥብ ገደማ መቀነሱን፣ በእናቶች ጤና ላይም የታየ ጉዳት አለመኖሩን ጽፈዋል።

የሚቃወመኝ ሌላም ነገር አለ፤ ከጓደኛዬ መልስ ይልቅ እሱ ያሳስበኛል። ወረቀቱ ግዴታ ሲሆን አንዳንዱ ክሊኒክ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ይጽፍና ነገር ሲከብድ ቶሎ ቶሎ ሪፈር እየጻፈ ከባዱን ለመንግሥት ሆስፒታል ሊጥል ይችላል። ለዚህ መፍትሔው ወረቀቱ ላይ አንድ ጥያቄ መጨመር ነው፤ ባለፈው ዓመት ከመቶ እናቶች ስንቷን ሪፈር አደረጋችሁ? ዋጋ የሚያሳፍረው ሰው ባይኖርም ይህ ቁጥር የሚያሳፍረው አለ።

ባለፈው ወር የእህቴ ባል የሥራ ባልደረባ ሚስቱ ስምንተኛ ወሯን ያዘች። የእኛን ታሪክ ሰምቶ ስለነበር ደወለልኝ፤ ዘጠኝ ጥያቄ በወረቀት ጽፌ ሰጠሁት። ማስያዣው ስንት ነው፣ ተመላሽ አለው ወይ፣ መድኃኒት ውስጡ አለ ወይ፣ የሕፃናት ሐኪሙ ምርመራስ፣ የሾተላይ መርፌ ብታስፈልጋትስ፣ የሕፃኑ ክፍል በሌሊት ስንት፣ ሒሳብ ሳይሟላ ቢቀር ያደርንበት ይቆጠራል ወይ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ የሚሄድ። ይዞት አንድ ሆስፒታል ሄደ። እንግዳ መቀበያዋ አንብባ ሒሳብ ክፍል ላከችው፣ ሒሳብ ክፍሉ ወደ ሥራ አስኪያጁ። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው፣ ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው አለ፣ በስልኩም ፎቶ አነሳው። መልሱን በጽሑፍ ይሰጠው እንደሆነ ሲጠይቀው ግን እንደዚያ ዓይነት አሠራር የለንም፣ ዋጋውን ታች ይነግሩሃል አለው።

ወደ ታች ወረደ። «ኖርማል ከሆነ…» አለችው።